ይበቃል ወይ?

ከቅዳሜ ገበያ ቁልቁል ወደ ቀሃ፣
አንዲት በር ያላት ሱቅ፣ ብርሃኗ የድሃ፣
እኔ ነኝ እዚያ ውስጥ ሰደፍ የምጠርብ፣
ቃታን ከመርፌው ጋር ዳግም የማቃርብ።

በኅዳር መባቻ፣ ማሽላው ሊታጨድ፣
አዛናው ብቅ አለ ከጭልጋው መንገድ፣
በነጠላው ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣
ቀጭን ጠመንጃ ይዞ፣ የአባቱን ወዳጅ።

ስድስት ተኩል ነበር፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣
አንገቱ ሸንቃጣ፣ ዘይት የለመደ።
ጥይቱን አንስቼ በጣቴ ብለካው፣
የኩል መኳያ ነው፣ ለዓይን የሚበቃው።

«ይበቃል ወይ?» አለኝ፣ «ለሽንፋ ቆላ ጎሽ?
በዚህ ሥራ አርጅተህ እውነቱን አትሽሽ።»

ጫቅሉ ካግዳሚው ላይ ውጅግራውን ታቅፎ፣
ሳቀበት እስኪያስል ጋቢውን ገፎ፤
«ይኼ ለቆቅ እንጂ ለጎሽ መች ይሆናል?
ጉንዳን ነከሰኝ ብሎ ጭራውን ይቆላል!
አውራ ጣት የሚያህል እርሳስ ነው የሱ ዋጋ፣
አጥንት የሚፈልጥ፣ ደረት የሚያናጋ።»

ሽባባው ቀና አለ፣ አንድ ዓይናው አዳኝ፤
«ያችን ስትተኩስ ዓይንህ ሲጨፈን አየሁኝ!
ለትከሻው የሚፈራ መድፍም አይረባው፤
ቀጭኗ ናት ከጆሮው ሥር ሹልክ ብላ የምትገባው።»

ዞረው ወደ እኔ አዩ። ሞረዴን አኖርኩኝ።
ስለ ፍጥነት፣ ስለ ሚዛን የማውቀውን ተውኩኝ፣
ለሚስቴም ያልነገርኩትን ከሆዴ አወጣሁኝ።

አጋዘን ነበረ፣ በገለጉ ማዶ፣
ቀንዱ እንደ ሐረግ በሰማይ ተጋምዶ፤
እሱ ውሃ ሊጠጣ ጎንበስ፣ እኔ ሃያ ዓመቴ፣
እንዲችው ያለች ነፍጥ አስጠግቼ ከደረቴ፣
ርቀቱን ሳልለካ፣ ነፋሱን ሳልጠይቅ፣
ተኮስኩ።
ሰማሁት «ጥፕ» ሲል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ።

አልወደቀም።
ዞሮ ጫካ ገባ፣ ያልተነካ መስሎ፤
ደሙ ቅጠል ላይ ቀረ፣ የበላውን ሣር አዝሎ።

አንድ ቀን ተከተልኩት፣ ሁለተኛም መሸ፣
በሶዬ አለቀብኝ፣ ልቤም ተረበሸ።
በሦስተኛው ሌሊት ከሽመሉ መሃል፣
ሰማሁት ሲተነፍስ፣ ወናፍ ይመስላል፤
ቀጥ ብዬ ብሄድ ሃምሳ ርምጃ ነው፣
እግሬ «አልሄድም» አለ፣ ፍርሃት ነው ያሰረው።

ሲነጋ አሞራ ዞረ።

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ወናፌን ስነፋ፣
ያ ትንፋሽ ነው የሚወጣው፣ ፍሙን የሚያሰፋ።

«እንግዲህ አዛናው፣ ጥይቷስ ትበቃለች፣
ሃምሳ ርምጃ ከቀረብክ ልቡን ታውቀዋለች።
ባይወድቅ ግን፣ ሆዱን ይዞ ቢገባ ከዱር፣
እሱን ነው የማልጠግነው፣ ሌላ ሰው አማክር።
እግርህ ይበቃል ወይ፣ ሦስት ሌሊት ደም ለደም፣
ሞቱን ጀምረህለት እስኪጨርስ ለመቆም?»

ጫቅሉ እንኳ ዝም አለ።
ሽባባው ጠረገ የሌለችውን ዓይኑን፣
አዛናው ቆጠረ አምስቱን ጥይቱን፣
የሰደፉን ከፈለኝ፣ ወጣ።

ገና ሄደ፣ ጥምቀት ሄደ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣
እያነከሰ መጣ፣ ደጄን አልፎ ገባ።
ቀንድ የለ፣ ጭራ የለ፣ ፉከራም የለበት፣
ነፍጡን ሰቀለልኝ ሚስማሬ ካለበት፣
አራት ጥይት ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ጣለ።
«ይበቃል ወይ?» አልኩት።
«በቃ» አለ።

ይኸው ሦስት ክረምት፤ ነፍጧን የሚወስድ የለም።
ጫቅሉ «ጥሏል» ይላል፣ ሽባባው «ትቷል» ይላል፣
እኔ ዘይት እቀባታለሁ፤ ዝገት ይነክሳል።